አማርኛን የበላው ዘበኛ

የመሥሪያ ቤቱን አማርኛ ያጠፋው እሱ ነው እየተባልኩ አሶሳ ውስጥ ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ። ሐሰት ነው! ያጠፋው አንቲቫይረሱ ነው። እኔ አመጣሁት እንጂ አላጠፋሁም፤ ዘበኛ የቀጠረና የሰረቀ መቼ አንድ ሆኖ ያውቃል? ይህን ያኔም ተናግሬአለሁ፣ ዛሬም እናገራለሁ፣ የሚሰማኝ ግን የለም።

ክልሉ ከተቋቋመ ዓመታት ቢያልፉም፣ ቢሮዎቹ ገና በመደራጀት ላይ ነበሩ። እኔ ከጎጃም መጥቼ ትምህርት ቢሮ የተመደብኩ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። ባለሙያ ሲባል ብቸኛው ማለት ነው። ማሽን ሲታመም እኔ፣ ማተሚያው ወረቀት ሲያኝክ እኔ፣ የኃላፊው ማራገቢያ ሲቆም እንኳ የምጠራው እኔ ነበርኩ። ኮምፒውተሮቻችን ደግሞ ከሰው ይልቅ ይታመሙ ነበር። ከወረዳ ሪፖርት ይዞ የሚመጣ ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ ይዞ ይመጣል፤ የመንጌው የራሱን፣ የሸርቆሌው የራሱን።

ስለዚህ ቫይረስ እየያዘ የሚያጠፋ የኮምፒውተር ዘበኛ፣ አንቲቫይረስ የሚሉትን፣ አስገባሁ፤ ወደድኩትም። ችግሩ፣ አንቲቫይረስ በየጊዜው አፕዴት ካልተደረገ ያረጃል፤ የትናንቱን ሌባ እንጂ የዛሬውን አይለይም። አፕዴቱን ከኢንተርኔት እንዳላወርድ መስመራችን በስልክ ሽቦ ነው፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ ድርግም ይላል። የእኔ ኢንተርኔት ሰው ነበር። አዲስ አበባ ለሚሄድ ሁሉ ፍላሽ አስይዛለሁ፣ እዚያ ያለ ጓደኛዬ ይሞላልኛል፣ ፍላሹም በአውቶቡስ ሁለት ቀን አቧራ ጠጥቶ ይመለስልኛል። ሌላው ጫማና የልጅ ልብስ ያስመጣል፣ እኔ አፕዴት አስመጣለሁ። የኃላፊው ጸሐፊ፣ ደርግ ከወሎ አምጥቶ ካሰፈራቸው ገበሬዎች የተወለደች፣ ምላሷ የማይምር ሴት ነበረች። "አይ አንተ! ሰው ከሸገር ሚስት ያመጣል፣ አንተ ዘበኛ ታስመጣለህ" ትለኛለች።

አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ትኩስ የመጣልኝን አፕዴት በየክፍሉ እየዞርኩ ጫንኩ። ከዚያ የከርከዴ ሻዬን ይዤ ቁጭ ከማለቴ ጩኸት ተነሣ።

"አማርኛው ጠፋ! ኧረ አማርኛው ጠፋ!"

ሮጬ ሄድኩ። እውነትም ጠፍቷል። በዚያ ዘመን አማርኛ የሚጻፈው ለብቻው በሚጫን ፕሮግራም ነበር፤ ከሥር ተቀምጦ የምንመታውን እያንዳንዱን ቁልፍ እያየ ወደ ፊደል ይለውጠዋል። አዲሱ አፕዴት ይህን አየና፣ የሰው ጽሑፍ ተደብቆ የሚያነብ ሰላይ መሰለው። ከነፊደሎቹ ጠራርጎ በላው። የተከፈተው ሪፖርት ሁሉ የፈረንጅ ፊደልና የማይታወቅ ምልክት የተዘራበት ማሳ ሆነ። ሲዲውን አምጥቼ እንደገና ልጫን ብል፣ አንቲቫይረሱ ሰላዩ በመስኮት እንደገባበት ሰው ይጮህብኛል።

ጸሐፊዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። "ዘበኛህ ባለቤቱን ነከሰ" አለች።

"ዘበኛ ይሳሳታል። አምሽቶ የገባ ጌታውን በዱላ ያንከባለለ ዘበኛ ስንት አለ!"

"እሱንማ በነጋታው ያባርሩታል።"

ምንም ያልተነካ አንድ ክፍል ብቻ ነበር። ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩ ተብሎ የአገሬው ቋንቋ በርታኛ በላቲን ፊደል መጻፍ የተጀመረበት ጊዜ ነው። የዚያ ክፍል ሰው ከመንጌ በኩል የመጡ ሸምገል ያሉ መምህር ነበሩ፤ ድሮ ቁርኣን ያስቀሩ ስለነበር ሁላችንም ኡስታዝ ነበር የምንላቸው። የአንደኛ ክፍል የበርታኛ ማንበቢያ እየጻፉ ነበር። ሌላ ሐሳብ አልነበራቸውም፤ ሲበሉም ሲሄዱም ስለዚያ መጽሐፍ ነው። ክረምት ሳይገባ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ካልደረሰ መስከረም ላይ ልጆቹ ባዶ እጃቸውን ይገባሉ፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ዓመት መጠበቅ ነው። ለላቲን ፊደል የተለየ ፕሮግራም ስለማያስፈልግ፣ እኛ ጉዳችን ፈልቶ ስንራወጥ እሳቸው ቀጭ ቀጭ እያደረጉ ይጽፋሉ።

ኃላፊያችን ራሳቸው የበርታ ተወላጅ ናቸው። መጀመሪያ ላይ ነገሩ አሳቃቸው። "እንግዲህ አማርኛው እስኪመለስ ማስታወቂያው በበርታኛ ይውጣ" አሉ። ወጣም። እኛ ከደጋ የመጣነው ሁሉ ሰሌዳው ፊት ተኮለኮልን። አንዱ ሌላውን ያያል፤ አላውቅም ማለት ደግሞ ክብር ይነካል።

"ስብሰባ ነው" አልኩ እኔ። "ማስታወቂያ ሌላ ምን ይላል?"

እውነት ነው ብለው ተከተሉኝ። አዳራሽ ገብተን ተቀመጥን፤ ሙቀቱ ያቀልጣል፣ ሰብሳቢ የለም። ኡስታዝ በመስኮት ሲያልፉ አዩን።

"እዚህ ምን ትሠራላችሁ?"

"ስብሰባውን እየጠበቅን ነው ኡስታዝ።"

"ስብሰባ ቀርቷል ነው የሚለው!" አሉና ማንጎ ዛፉን ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔ ተናድጄ ወጣሁ። በሰው ቋንቋ ስብሰባ ተቀምጠው ሲያንቀላፉ የኖሩት እሳቸው መሆናቸው ትዝ ያለኝ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

የክልሉ ሪፖርት መላኪያ ሲደርስ ግን ሳቁ አለቀ። ኃላፊው አስጠሩኝ።

"አውጣው። ከሁሉም ማሽን አውጣው።"

ዓይኔን በጨው አጥቤ ተከራከርኩ። "ጌታዬ፣ ስንት ቫይረስ የያዘ ነው! የሚታረም አፕዴት እስኪመጣ ትንሽ ብንታገሥ..."

"ከእሱና ካንተ አንዳችሁ ትወጣላችሁ" አሉ።

ምን አማራጭ አለኝ? በየክፍሉ እየዞርኩ ነቀልኩት፤ አማርኛውንም መልሼ ጫንኩ። ሰው እልል ሲል እኔ ለቅሶ ቤት እንደዋለ ሰው ሆንኩ። እውነቱን ልናገር፣ ለአንቲቫይረሱ ከማዘኔ ይልቅ ሰው የሳቀብኝ ነበር የሚያንገበግበኝ። እልህ ነው፤ የጎጃም ሰው ይህን በሽታ ያውቀዋል።

መጨረሻ ላይ ኡስታዝ ክፍል ደረስኩ።

"ተነሡልኝ ኡስታዝ፣ ይሄን ነገር ላውጣው።"

"እኔን ምን አደረገኝ?"

"እርስዎንማ ምንም። አማርኛውን ስላጠፋ ነው የሚባረረው።"

"ለምን አጠፋ?"

"አማርኛ አያውቅማ! የማያውቀውን ነገር ሲያይ ጠላት ይመስለዋል።"

ኡስታዝ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። "እኔ ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ገባሁ" አሉ። "አማርኛ አንድ አላውቅ። አስተማሪ 'ስምህ ማን ነው' ይላል፤ እኔ በበርታኛ 'አልሰማሁም' አልኩ። የሰደብኩት መሰለው፤ በማስመሪያ እጄን መታ። ነገም ጠየቀ፣ ነገም መታ። ወላሂ፣ መጥፎ ሰው አይደለም። አያውቅም፣ ያ ብቻ ነው።"

 "አስተማሪው በኋላ ተማረ?" አልኩ።

"በኋላ ተዛወረ!" አሉና ሳቃቸው መጣ። "ይሄ ግን አይዛወርም። ተወው፣ ይማራል።"

ተውኩት። ትእዛዝ ጥሼ፣ አንቲቫይረሱን ኡስታዝ ክፍል ውስጥ እንደ ሽፍታ ሸሽጌ አኖርኩት።

ከትንሽ ጊዜ በኋላ የታረመው አፕዴት ከሰው ጋር መጣ። በሩን ዘግቼ ኡስታዝ ማሽን ላይ ጫንኩት፤ ከዚያ እየፈራሁ የአማርኛውን ፕሮግራም አስገባሁ። ዝም! ሰላም ለኪ! እየሮጥኩ ጸሐፊዋ ዘንድ ሄድኩ።

"ተማረ!" አልኳት።

"ማን?"

"ዘበኛው!"

"አንተ ሰውዬ ጠበል ያስፈልግሃል" ብላ ወደ ሥራዋ ዞረች።

ማንጎ መርገፍ ሲጀምር የኡስታዝ መጽሐፍ አለቀ። ኃላፊው ቋንቋው የራሳቸው ነውና ስንት ሳምንት ሁለቱ አብረው ኃላፊው ማሽን ላይ አረሙት፤ አንድ ቃል ላይ ሲከራከሩ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል። ኃላፊው ለስብሰባ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ሲሄዱ ራሳቸው ሊያደርሱት ሆነ። በዚያው ሳምንት ግን ዘበኛ የሌለው የኃላፊው ማሽን ቫይረስ ጥሎት አልነሣም አለ። ደግነቱ የታረመውን መጽሐፍ አስቀድመው ፍላሻቸው ላይ ገልብጠውታል። ኡስታዝ ማሽን ላይ የቀረው ያልታረመው ነው፤ የታረመው እዚያች ፍላሽ ላይ ብቻ ነው ያለው።

የሚሄዱ ዕለት፣ መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ እየጠበቀ፣ ኡስታዝ "አንድ ጊዜ ልየው" አሉ። ልባቸው አላሰናብት ብሏቸው ነው። ኃላፊው ፍላሹን አምጥተው ኡስታዝ ማሽን ላይ ሰኩት።

አንቲቫይረሱ ጮኸ። ቀይ ሆኖ፣ ስክሪኑን ሞልቶ። የመጽሐፉን ስም የያዘውን ፎልደር እያሳየ፣ ይህ ቫይረስ ነው፣ ላጥፋው ወይ ይላል።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞሩ። "ይሄ አልወጣም እንዴ?"

የፈሩት ይደርሳል።  በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አፌን ሞልቼ የተሟገትኩለት እኔ ራሴ አሁን ተጠራጠርኩት። አማርኛን እንደበላ በርታኛውንም ሊበላው ነው! ብንተወው ደግሞ፣ እውነት ቫይረስ ከሆነ፣ ፍላሹ ማተሚያ ቤቱ እስኪደርስ መጽሐፉን ምን እንደሚያደርገው ፈጣሪ ነው የሚያውቀው።

"ኡስታዝ" አልኩ፣ "አይንኩት። ተሳስቶ ይሆናል።"

ኡስታዝ አዩኝ። "ተምሯል አላልክም?"

"ብያለሁ፣ ግን..."

"ታዲያ?" አሉና አጥፋ የሚለውን ራሳቸው ተጫኑት።

ፍላሹ ባዶ ሆነ። አንድ ነገር የለበትም። በዚያች ቅጽበት አንድ ማንጎ ከዛፉ ወርዶ ቆርቆሮውን ጓ ሲያደርገው ሁላችንም ዘለልን። ኃላፊው ራሳቸውን ያዙ። ኡስታዝ ጣታቸውን ከቁልፉ ሳያነሡ፣ በቀስታ "ያ አላህ" አሉ። አንቲቫይረሱን ጠላሁት፤ ከነዘር ማንዘሩ ረገምኩት። ከሁሉ የባሰው፣ የኡስታዝን ፊት ማየት አቃተኝ።

ከዚያ፣ ማሰብ ያለብኝን ነገር ዘግይቼ አሰብኩ። ያን ሰሞን የነበረው ቫይረስ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና፣ ስሙንና መልኩን ወስዶ እሱ ቦታ ይቀመጣል። ስንቱን ማሽን ከእሱ ያጸዳሁ ሰው ስደነግጥ ጭልጥ ብሎ ጠፋብኝ! የጠፋው አስመሳዩ ነው ማለት ነው። ኡስታዝን "ትንሽ ጠጋ ይበሉ" ብዬ የተደበቀ ሁሉ ይውጣ የሚለውን ትእዛዝ መታሁ።

ወጣ። ከፈትኩት፤ የመጀመሪያው ገጽ፣ ከነፍየሏ ሥዕል፣ ከነእርማቱ አለ። ኡስታዝ ስክሪኑን በመዳፋቸው ዳበሱት። ኃላፊው ሰዓታቸውን አዩ፣ የጸዳውን ፍላሽ ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ፣ በሩ ጋ ሲደርሱ ዘወር አሉ።

"ትእዛዝ የጣስክበትን ስመለስ እንነጋገራለን። እስከዚያ በሁሉም ማሽን መልሰው።"

ሲመለሱ ያነሡትም የለ፣ እኔም አላስታወስኳቸው።

መስከረም ላይ መጽሐፉ በጭነት መኪና አሶሳ ገባ። ኡስታዝ አስጠሩኝ። ወንበር ሰጡኝ፣ አንዱን ከፍተው ፊቴ ዘረጉት፣ "አንብብ" አሉኝ። እኔ እንግሊዝኛ የማውቅ ሰው፣ የላቲን ፊደል ሊያስቸግረኝ ነው? ደረቴን ነፍቼ አነበብኩ። ከኡስታዝ ፊት እንዳየሁት ከሆነ ያነበብኩት ቋንቋ ገና አልተፈጠረም። ያን ያህል ዓመት ከእነሱ ጋር ስኖር፣ ከሰላምታ ያለፈ አንድ መስመር በርታኛ አላውቅም ነበር።

ኡስታዝ ከጠረጴዛው ላይ ማስመሪያ አነሡ። እኔ፣ ጢም ያወጣሁ ሰው፣ ሳላስበው እጄን ከመጽሐፉ ላይ ሰበሰብኩ።

አዩኝ፤ ገባቸው። ማስመሪያውን በቀስታ ከመጀመሪያው ቃል ሥር አስተኙት።

"አልመታም" አሉ። "አታውቅም፣ ያ ብቻ ነው። ድገም።"