ትርንጎን ለቁርባን ያበቃው መርፌ

ከገሳይ ስንነሣ

የጥምቀት ሰሞን ነው፤ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም። እኔና ጎረቤቴ ውዴ፣ ሁለት ዓመት የሞላትን ልጇን ትርንጎን አዝለን ከመንደራችን ከገሳይ ወደ ደብረ ታቦር ተነሣን። ትርንጎ ላንቃዋ ተሰንጥቆ ነው የተወለደች፤ የጠጣችው ወተት በአፍንጫዋ ይመለሳል። ውዴን ያንገበገባት ግን ሌላ ነው። ክርስትና የተነሣች ዕለት ክቡር ደሙ በአፍንጫዋ ሊመለስ ሲል፣ ቄስ ዓለሙ በመጎናጸፊያቸው ደረሱለት። «ልጄ፣ መሬት እንዳይነካ እፈራለሁ» አሏት። ከዚያ ወዲያ ልጅቱ አልቆረበችም።

ደብረ ታቦር የወንድሜ ልጅ ሞላ አለ። ባሕር ተሻግሮ ሕክምና ተማረ፤ ያም አልበቃው ብሎ የተሰነጠቀ ከንፈርና ላንቃ መስፋትን ለብቻው ሁለት ዓመት ተማረ። ዘመኑ የጣሊያን ነው፤ የተማረ ሰው ይታደናል። ስለዚህ ከተማው መክሮ «ወጌሻ» ብሎ ሰወረው። አጥንት የሚጠግን ሰው ማን ይጠረጥራል?

መንገድ

የጉናን ተራራ በግራ ትተን፣ የገብስ አውድማ ለአውድማ ሄድን። በሶ በጥብጠን ጠጣን። ከከተማው መግቢያ ጣሊያን የሚያስጠርገው አዲስ መንገድ ላይ አንድ ባንዳ አስቆመን።

«ወዴት ናችሁ?»

«ወጌሻ ዘንድ።»

«ማን ተሰበረ?»

«ወገቤን ነው ልጄ። እስቲ ና ያዝ አድርግልኝ!»

«እለፉ፣ እለፉ!» አለ እየሳቀ።

ደብረ ታቦር

ሞላ የትርንጎን አፍ ወደ ብርሃን አዙሮ አየው። ከዚያ አስተማሪው በባዶ የክብሪት ቀፎ ውስጥ ክር ያስቋጥረው እንደ ነበር አጫወተን፤ የሕፃን አፍ ጠባብ ነውና።

«ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው አፍ ስታይ ከረምክ?» አልሁት።

«አዎን አክስቴ፤ እንደ አንቱ የሚያወራ አፍ ግን አላጋጠመኝም።»

ለውዴ ልጅቱ ጠዋት ምንም እንዳትቀምስ አዘዛት።

«ምነው፣ ለቁርባን ነው እንዴ?»

«መርፌውም ጾም አለው። ተኝታ ካስመለሳት ያንቃታል።»

ውዴ ነጠላዋን ነከሰች። «ብትሞትብኝስ?»

«ባሕር ማዶ ብዙ ልጅ ሰፍቻለሁ፤ ያኔ ግን መምህሬ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። አልዋሽሽም፣ እኔም እፈራለሁ። እጄ ግን ያውቀዋል።»

በማግስቱ የሞላ ሚስት ማደንዘዣውን በጨርቅ ለልጅቱ አስሸተተቻት። እኔ ከመስኮቱ አጠገብ ቆሜ ፀሐዩን በመስታወት ወደ አፏ አበራሁ። ሙዳይ ስሰፋ የኖርሁ ሴት ነኝ፤ እንዲያ ያለ ስፌት ግን አላየሁም። ከግራም ከቀኝም ሥጋውን ፈልቅቆ መሐል ላይ አገናኘው። ላቡ ሲወርድ ሚስቱ ጠረገችለት። «የእኛ ልጅ!» ብዬ ልጮህ ነበር፤ መስታወቱ እንዳይነቃነቅ ብዬ ዋጥሁት።

ስፌቱ እስኪይዝ እዚያው ከረምን፤ ቀዝቃዛ ወተትና ቀጭን አጥሚት ብቻ። ጣቷን ወደ አፏ እንዳትከት ሞላ ክንዶቿን በሸምበቆ አሰረላት፤ ቤት እስክንገባም አትፍቱ አለን።

መልስ

ያ ባንዳ አሁንም ቆሟል። ሸምበቆውን አይቶ፣ «እማማ፣ የአንቱ ወገብ ድኖ የልጅቱን ሁለት ክንድ ሰበሩት?» አለኝ።

«ወጌሻው ሥራ እንዳይፈታ ብዬ ነው!» አልሁትና አለፍን።

ገሳይ ስንገባ ጎረቤቶች ወተት ስትጠጣ እንይ ቢሉ፣ ውዴ እምቢ አለች። «መጀመሪያ ቁርባን» አለች። እሑድ ከቅዳሴው ልጅቱን አቅፋ ቀረበች። ዲያቆኑ ክቡር ደሙን ሲያቀብላት፣ ቄስ ዓለሙ መጎናጸፊያቸውን ከአገጯ ሥር ዘረጉ። እኔ አፍንጫዋን፣ አፍንጫዋን ብቻ አየሁ። ትርንጎ ዋጠች። ቄሱ ጥቂት ጠበቁ። መጎናጸፊያው እንደ ነጣ ነው። ቀስ ብለው አጠፉትና፣ «እልል በሉ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ።

ከጉዞዬ የተማርሁትን ልንገራችሁ። ልጃቸው ባሕር ሊሻገር ነው ብለው የሚያለቅሱ እናቶች ካሉ፣ ወደ እኔ ላኩልኝ። ትርንጎ ወተት ስትጠጣ አሳያቸዋለሁ፤ ከዚያ ተቀምጠን የልጁን ስንቅ አብረን እናዘጋጃለን።