ጋሽ ሬንጅና ሽማግሌው አፈር

ይቺን ወሬ ይዣት ሰነበትኩ። እኔ ደግሞ ሆዴ ውስጥ ወሬ አያድርም፤ ዛሬ ካልነገርኳችሁ አላርፍም። ስለ መንገድ ነች። ቆይ፣ አትሂዱ፣ ስለ ሰውም ነች።

እኔ የመንገድ ዕቃ የሚፈተሽበት ላብራቶሪ ሹፌር ነኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ላይ ቆሟል፣ ግን ስለ ሬንጅ ጠይቁኝ። ያስተማረኝ ጋሽ ሬንጅ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሬንጅ ሲያቀልጥ ስለኖረ እውነተኛ ስሙን ሁላችንም ረስተነዋል። ሚስቱ ጥላው እህቷ ጋ ከገባች አራት ዓመቷ። ከሥራ ስንወጣ ቤቱ ሳደርሰው ቶሎ አይወርድም። "ይቺ ሞተር አታንኳኳም?" ይላል። ምንም አታንኳኳም። "እስቲ ትንሽ እንስማት" ይለኛል፤ ሁለታችንም ቁጭ ብለን ደህና ሞተር እናዳምጣለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሬንጅ ብቻውን ፀሐይ ሲመታው ይለሰልሳል፣ ከባድ መኪና ሲመላለስበት ይጎደጉዳል። ብርድ ሲሆን ደግሞ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ፖሊመር ይጨመርበታል፤ የላስቲክ ዘመድ ነው፣ ነጭ ፍርፋሪ። ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ ሁለቱ አይዋደዱም። ትኩስ ሆነው ሲቀመጡ ላስቲኩ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ሬንጁ ታች ይቀራል። ጋሽ ሬንጅ "ሽማግሌ ያስፈልጋቸዋል" አለ። ሽማግሌው እንደ ዱቄት የላመ የሸክላ አፈር ነው፤ መሀላቸው ገብቶ ይይዛቸዋል።

የላብራቶሪው አለቃ ኢንጂነሩ ግን ሙከራው ሁለቴ ሲከሽፍ አይቷል። "አባባ፣ ይሄ የመጨረሻው ነው" አለው። "ከተለያዩ ምድጃውን ለሌላ ሥራ እፈልገዋለሁ፤ ያንተም ጡረታ ደርሷል። ካልተለያዩ ግን የሙከራ መንገድ አነጥፍልሃለሁ።"

ጋሽ ሬንጅ ድብልቁን የጥርስ ሳሙና ቱቦ በመሰለች ቆርቆሮ ሞላና አፏን አሽጎ ምድጃ ውስጥ አቆማት። ሁለት ቀን ሙሉ። እረፍት ቀን ነበር፣ እሱ ግን አምጣኝ አለ። "ምድጃው አይጠፋብህ፣ ቤትህ እረፍ እንጂ" ስለው "ቤትስ ሄጄ ማንን ልጠብቅ?" አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ቱቦዋን አቀዝቅዞ ለሦስት ቆረጣት። መሀሉን ጣለው። የላዩን አቅልጦ አንድ የነሐስ ቀለበት ውስጥ፣ የታቹን ሌላ ቀለበት ውስጥ አፈሰሰ። በላያቸው እኩያ የብረት ኳሶች አስቀምጦ፣ ውሃ ውስጥ ነክሮ ማሞቅ ጀመረ። ሬንጁ ሲለሰልስ ኳሱ ይወድቃል፤ ሁለቱ ተቀራራቢ ሙቀት ላይ ከወደቁ አልተለያዩም ማለት ነው። ባለፈው የላዩ አሥር ዲግሪ ዘግይቶ ነበር።

የውሃው ሙቀት ስልሳ ዲግሪ አለፈ። ስልሳ አራት ላይ የታቹ ወረደ። ስልሳ አምስት ሳይሞላ የላዩም ተከተለው።

"እጄ ሬንጅ ነው፤ እሷ ጋ ደውልልኝ" አለኝ። ደወልኩና ድምፁን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ሚስቱ አነሳች።

"አልተለያዩም" አላት፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም።

"ውይ ተመስገን። ታረቁ? ማን ነገረህ? እሷ እኮ እዚህ ስታለቅስ ነው የዋለችው።"

"ማናት?"

"ልጅህ ናታ። ባሏን ጥላ ከመጣች ወር አለፋት።"

ጋሽ ሬንጅ ቀለበቶቹን አየ። "እኔ እንኳ… ሬንጁንና ላስቲኩን ነው" አላት።

እሷም "እኔ ደግሞ የሰው ወሬ የያዝክ መስሎኝ" አለችና ዘጋችው።

ኢንጂነሩ ገብቶ ቁጥሩን አየና ትከሻውን መታ መታ አደረገው። "አባባ፣ አሸነፍክ፤ መንገዱ ይነጠፋል።" ጋሽ ሬንጅ "እሺ" ብቻ አለ። እጁን በናፍታ አጠበ፣ በሳሙና አጠበ፣ ደግሞ በናፍታ አጠበ። ከዛ "እነሱ ቤት አድርሰኝ" አለኝ።

ደርሰን አጥሩ ጋ ቆምን። "ምን ብዬ ልግባ?" አለኝ።

"ጋሼ፣ 'እንዴት ነሽ ልጄ' በላት፤ የቀረውን እሷ ታወራዋለች።"

"እንዴት ነሽ ልጄ" ብሎ ቀስ አድርጎ ለራሱ ሞከራት። ወርዶ አንኳኳ። ከኋላዬ ያለው መኪና ክላክሱን ሲለቅብኝ ነዳሁ። በመስታወት ሳየው በሩ አልተከፈተም፤ እሱም ከቆመበት አልተነቃነቀም።

ከዛ ወዲህ አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም። እናንተስ፣ ሥራ ውጧችሁ የገዛ ቤታችሁን ወሬ ከሰው ሁሉ በኋላ የሰማችሁበት ቀን የለም? እስቲ አውሩኝ፣ ምን አላችሁ ያን ቀን?