ከቡናው ቆጥ ሥር

ባለፈው ሳምንት የትንሿ ልጄ አንድ እግር ጫማ ጓሮ ካለው የቡና ማስጫ ቆጥ ሥር ገባ። ላወጣው ጎንበስ ስል የቀይ ቡናው ሽታ አፍንጫዬን መታኝና እዚያው ተንበርክኬ ቀረሁ። ልጅ ሆኜ የተደበቅሁበት ሽታ ነው።

ያኔ ቤታችን ከሚዛን ተፈሪ ወጣ ብሎ፣ ቡና መሃል ነበር። እናቴ ሰው አታምንም። ገበያ ስትወስደን ዓይን እንዳይበላን ከጆሯችን ኋላ የድስት ጥላሸት ትቀባናለች። «ልጆችሽ እንዴት አምረዋል!» ያላትን ሰው ዓይን ዓይኑን ስታይ ትውላለች። ስንት እንደሆንን ተናግራ አታውቅም፤ «ማን ይወቀው ብዬ!» ትላለች። በእኔ ደግሞ ይብስባት ነበር። አንዲት ጎረቤታችን ጉንጬን ቆንጥጣ ባደነቀችኝ ማግስት ትኩሳት ይዞኝ ስለነበር፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ቀድማ የምትደብቀው እኔን ነው።

አባቴ አመሻሽ ላይ ቀፎውን አይቶ ከጫካ ሲመለስ «ዛሬስ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» እያለ ይተርባታል። ቡና ስትለቅም፣ ጎደሬ ስትቀቅል፣ ታናሼን አዝላ ውሃ ስትቀዳ እንደዋለች አትነግረውም። በር ላይ ቆማ ራስ ራሳችንን እየዳሰሰች «ሁሉም አሉ» ትለዋለች፣ በኩራት። እጇ እኔ ራስ ላይ ትንሽ ይቆያል።

አንድ ቀን አንድ አስተማሪ ለትምህርት የደረሱ ልጆችን ሊመዘግብ ደብተር ይዞ መጣ። እናቴ በዓይኗ ጠቀሰችኝ፤ ቆጡ ሥር ገባሁ።

«እማማ፣ ልጆችዎ የታሉ?»

«እነዚሁ ናቸው» አለች፣ ሦስቱን እያሳየች።

«ሌላ የለም?»

«ምነው፣ አነሱህ?»

እኔ ሥር ሆኜ፣ የቡናው ውሃ አንገቴ ላይ እየተንጠባጠበ፣ አፌን ይዤ እስቃለሁ። ድብብቆሽ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። ታላላቆቼ አዲስ ደብተር ይዘው ትምህርት ቤት ሲሄዱ ነው የገባኝ። ከዓመታት በኋላ ስገባ ወገቤ ከሚደርሱ ልጆች ጋር ነበር የተቀመጥኩት፤ «እትዬ» እያሉ ይስቁብኛል። ሦስተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ተውኩት።

ጫማውን ይዤ ቀና ስል ግቢያችን በር ላይ አንዲት ወጣት ቆማለች። አንገቷ ላይ መታወቂያ፣ እጇ ላይ ስልክ። ዘንድሮ ትምህርት የሚጀምሩ ልጆችን እመዘግባለሁ አለች። ቤቴን ማን አሳያት? ስልኩስ ለምንድን ነው? ልጆቼን ፎቶ ልታነሳብኝ ይሆን?

«ልጆችሽስ፣ እትዬ?»

«እነዚሁ ናቸው፤ ይማራሉ» አልኳት፣ ሦስቱን ትልልቆቹን እያሳየሁ። የወጣው የእናቴ ድምፅ ነው።

ትንሿ ከቀሚሴ ኋላ ተሸጉጣለች። ሳቋን ስታፍን ጀርባዬ ላይ ተሰማኝ። ጨዋታ መስሏታል። መዝጋቢዋ አመስግናኝ ከግቢው ልትወጣ ነው። ያን ሳቅ አውቀዋለሁ፤ በኋላ ምን እንደሚሆንም አውቃለሁ።

«ነይማ፣ እህቴ! አንዷን ረስቻለሁ።»

«ልጅም ይረሳል እንዴ፣ እትዬ?» ብላ እየሳቀች ተመለሰች።

የትንሿን ስም ነገርኳት። አላመንኳትም፤ የጻፈችውን አሳዪኝ አልኩ። ስልኩን ተቀብዬ የልጄን ስም ፊደል በፊደል፣ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ትክክል ነው።

አብዛኛውን ቀን ስዋከብ ውዬ ሲመሽ ምን ሠራሁ እላለሁ። የታጠበው ቆሽሿል፣ የተጠረገው ተበትኗል። ያን ዕለት ግን በር ላይ ቆሜ የልጆቼን ራስ ዳሰስኩ። «ሁሉም አሉ» አልኩት ባለቤቴን። እጄ በትንሿ ልጄ ራስ ላይ ቆየ።

እናቴ እኔን ደብቃ አቆየችኝ፤ ይኸው አለሁ። እኔ ልጄን በስሟ ጠርቼ አወጣኋት። ትምህርት የምትጀምር ዕለት ግን ከጆሮዋ ኋላ ጥላሸት እቀባታለሁ። አስተማሪዋ አይታ ብታጥባት ትጠባት፤ በማግስቱ እደግመዋለሁ።