ዕድሜ የጨመርሁለት ልጅ

ዓመቱን ልክ አላስታውሰውም። ቡሬ ላይ ፋብሪካ ሠራተኛ ይቀጥራል መባል ከጀመረ ወዲህ ነው። በርበሬ ተለቅሞ ያለቀበት ወራት እንደ ነበር ግን አልረሳም።

የልጄ ልጅና የጎረቤቴ ልጅ ከሰው ማሳ የውኃ መሳቢያ ሞተር ሰረቁ። ለሁለት ተሸክመው የበቆሎ አገዳ ክምር ውስጥ ደብቀውት ተያዙ። በዚያ ሰሞን የገበያው ወሬ ሁሉ ይኸው ነበር፤ ስልክ የሚነጥቁትም፣ ሞተር የሚፈቱትም ጢም ያላበቀሉ ልጆች ናቸው እየተባለ። እኔም አብሬ እራገም ነበር፣ የራሴው እስኪገኝበት።

ጎረቤቴ የልጁን የክትባት ካርድ ከሳጥን አውጥቶ ልጆቹ ወደ ታሰሩበት ፍኖተ ሰላም ይዞ ሄደ። በካርዱ ሲሰላ ልጁ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ከአሥራ አምስት በታች ያለውን ሕጉ እንደ ትልቅ ሰው አይቀጣውም ተባለና መክረው ለአባቱ አስረከቡት። የእኔው ቀረ። የእሱ ወረቀት አሥራ ስምንት ይላል። ያስባልሁትም እኔ ነኝ፤ ፋብሪካው እንዲቀጥረው ብዬ ቀበሌ ወስጄ፣ ዕድሜ ጨምሬ መታወቂያ አወጣሁለት። ቁመቱ መለሎ ስለ ነበር ማንም አልጠረጠረ።

ከዚያ ወዲያ ቅናት ያዘኝ። በሽምግልና የመጣ ቅናት ክፉ ነው። ጠዋት የጎረቤቴ ልጅ ደብተሩን ይዞ በደጄ ሲያልፍ ፊቴን አዞራለሁ። እናቱ ለምሳ ስትጠራው ድምፅዋ ያመኛል። ሞተሩን ሁለቱ ተሸክመውት ሳለ አንዱ እቤቱ፣ አንዱ ከትልልቅ ወንበዴ ጋር? የእኔው እንዲፈታ መለመኔን ትቼ የእሱም እንዲታሰር የተመኘሁበት ቀን አለ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጎረቤቴ ደግሞ ሰንበቴ ላይ ጠላውን ይዞ፣ «አያ፣ ሰው በሬ ሲሸጥ ዕድሜ ይቀንሳል፤ እርስዎ ምነው ለልጅ ጨመሩ?» አለኝ። ሰዉ ሳቀ።

«ያንተን ያስፈታው ወረቀት ነው፤ አስተዳደግህ እንዳይመስልህ!» ብዬው ወጣሁ።

ዳኛው ፊት ስቀርብ እውነቱን ተናገርሁ፤ ውሸቱ የእኔ ነው፣ ልጁ አሥራ አራት ነው አልሁ።

«አባባ፣ ያኔ ከዋሹ ዛሬ በምን እንመንዎት?» አሉኝ። ምስክር ያምጡ ተባልሁ። ልጄ እሱን በወለደች በሳምንቷ ሞታለች። ከዚያ ወዲያ ሕፃኑን ያጠባችው የጎረቤቴ ሚስት ነበረች፤ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ግን ቅናቱ ደጇን አላስረግጥ አለኝ። በቀጠሮው ቀን ብቻዬን ሄድሁ።

ፍርድ ቤቱ ደጅ ላይ ቆሜ ሳለሁ የጎረቤቴ ሚስት ወሬውን ሰምታ ኖሮ ከሚኒባስ ወረደች። የልጇን ካርድ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራለች።

«ባልሽ ያውቃል?» አልኋት።

«ማታ ይወቅ» አለችኝ።

ዳኛው የልጁን ዕድሜ በምን እንደምታውቅ ጠየቋት።

«ጌታዬ፣ ከልጄ ጋር ያጠባሁት እኔ ነኝ። የሚበላለጡት በሦስት ቀን ነው። አንድ ጡት ጠብተው አንዱ አሥራ አራት፣ አንዱ አሥራ ስምንት የሚሆኑበት አገር የት ነው?»

ዳኛው ሳይቀሩ ፈገግ አሉ። ምስክርነቷን ከካርዱ ጋር አይተው ልጁን ለእኔ ሰጡኝ። በየወሩ እየመጣ እንዲታይ አዘዙ። የአገር ሽማግሌዎችም በበኩላቸው ሞተሩ የተሰረቀበትን ሰው ማሳ እስከ ክረምት እንዲያጠጣ ፈረዱበት፤ ያኛውንም ልጅ ጨምረው።

በልጇ ላይ ምን እንደተመኘሁ አልነገርኋትም፤ ዛሬም አፌ አልደፈረም። ያንን ወራት ያሻገረችኝ ግን እሷ ናት፤ የጎረቤቴ ሚስት፣ የልጄን ልጅ በጡቷ ያሳደገችው።