አሥራ ሰባት ጥርስ

ልጅ እያለሁ «ጎበዝ ናት» ሲሉኝ ሰማይ የምነካ ይመስለኝ ነበር። ከክፍል አንደኛ ወጥቼ ሰርተፍኬቴን ሳመጣ፣ አባባ ወረቀቱን ገልብጦ ይይዝና ለጎረቤት ሁሉ ያሳያል። ፊደል አልቆጠረም። አማርኛውም የገበያ አማርኛ ነበር፤ ከሰላምታና ከዋጋ ካለፈ ይደናቀፍበታል። ስለዚህ አርባ ምንጭ ከተማ፣ ሲቀላ፣ ጉዳይ በኖረው ቁጥር እኔን ያስከትላል። እሱ በጋሞኛ ይነግረኛል፣ እኔ በአማርኛ አደርሳለሁ። በአምስተኛ ክፍል የቤቱ ጸሐፊም አስተርጓሚም እኔ ነበርኩ። ኩራቴንማ አትጠይቁኝ!

ሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። አባባ ከደጋው ከኦቾሎ ወርዶ አባያ ሐይቅ ዳር የሰው መሬት በእኩል ያርስ ነበር፤ ቲማቲም ነበር የሚተክለው። ውኃ የምትስብልን አንዲት ትንሽ የናፍጣ ሞተር ነበረችን። ሞተሯን ከፓምፑ ጋር የሚያገናኘው እንደ ብስክሌት ያለ ካቴና ነው፤ ካቴናው የሚዞርበትን ባለ ጥርስ ክብ ብረት እኛ ቤት በአጭሩ «ጥርሱ» እንለዋለን። ከትምህርት ቤት ስወጣ ጓደኞቼ ሱዚ ሲዘሉ እኔ ወደ ማሳው እሮጣለሁ። ሞተሯ ዱክ ዱክ ስትል፣ የናፍጣው ጭስ ከቲማቲም ቅጠል ሽታ ጋር ሲደባለቅ፣ ውኃው በቦዩ መጥቶ እግሬን ሲያርሰኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ማታ ኩርኩፋችንን፣ የበቆሎ ዱቄት ድብልብሉን፣ በሀለኮ ቅጠል እየበላን እጄ አሁንም ቲማቲም ቲማቲም ይሸታል።

ቲማቲሙ አበባ ባወጣበት ሳምንት ካቴናው እየዘለለ አስቸገረን። አባባ ከፍቶ ቢያየው ጥርሱ አልቋል፤ ጫፍ ጫፉ ተበልቶ እንደ ማጭድ ተቆልምሟል። ዝናብ የለም። የአርባ ምንጭን ፀሐይ ደግሞ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ውኃ ጥቂት ቀን ከቀረበት አበባው ይረግፋል፤ አበባው ከረገፈ የዚያ ዓመት ጉሮሯችን ተዘጋ ማለት ነው። እማዬ «ጌታ ያውቃል» አለች። አባባ ግን ያለቀውን ብረት በጨርቅ ጠቅልሎ፣ እኔን አስከትሎ ሲቀላ ወጣ።

ያልገባንበት ሱቅ የለም። በመጨረሻ ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ መለዋወጫ ሻጭ ሁለት አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ጣለልን። የመሐል ቀዳዳቸው የሁለቱም ልክ ነው። ይኼኔ እኔ ወደ ፊት ወጣሁ። እንዳልስት የመነሻውን ጥርስ በእስክሪብቶ ምልክት አደረግኩና የአሮጌውን ቆጠርኩ፤ አሥራ ሰባት። ደገምኩት፤ አሥራ ሰባት። ከአዲሶቹ አንዱ አሥራ ዘጠኝ፣ ሌላው አሥራ ሰባት ሆነ። «አገኘሁት!» ብዬ ጮህኩ።

አባባ አሮጌውን ባለ አሥራ ሰባቱ ላይ ደረበው። ጥርስ ከጥርስ አልገጠመም፤ አዲሱ ትንሽ ወጣ ይላል። «አሮጌው ስለተበላ ነው» አልኩት። አውራ ጣቱን በጥርሶቹ መሐል እያስገባ እያወጣ ብዙ ቆየ። ባለሱቁ ሰለቸውና «ጋሼ፣ እኔ ነጋዴ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ሰው ያማክሩ፤ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አለ። እንዴት ተናደድኩ! አባባ «ምን አለ?» ሲለኝ «ቶሎ ምረጡ ነው የሚለው» አልኩት። «እንግዲያው አንቺ ምረጪ» አለኝ። ባለ አሥራ ሰባቱን አነሳሁ።

ገጥመነው ሞተሯ ስትነሳ ካቴናው ጥቂት ዞረ። ከዚያ ጥርሱ ላይ እየወጣ፣ እየተንጠራራ ሄደና ጧ! ብሎ ተበጠሰ። ከከተማ በብስክሌት የመጣው መካኒክ ጎንበስ ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ቆጠራው ልክ ነው። ግን በጥርስና በጥርስ መሐል ያለው ርቀት ሰፍቷል። ካቴና የሚፈልገው ርቀቱን ነው። ሱቁ ያለውን ባለ አሥራ ዘጠኝ አውቀዋለሁ፤ እሱን ብትወስዱ ፍጥነቱ ትንሽ ይለወጥ ነበር እንጂ ውኃ አታጡም ነበር» አለን። አሁን ግን ካቴናውም ብዙ ቦታ ተሰነጣጥቋል፤ ሲቀላ ደግሞ ሌላ አልተገኘም። ባለሱቁ ያለውን ለአባባ ልናገር አፌ ላይ አምጥቼ ዋጥኩት።

ካቴና እንዲመጣልን ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ሾፌር መልእክት ተላከ። እስኪመጣ በጀሪካን ተቀዳ። እማዬ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ አባባ ዱላ ይዞ አዞ እየጠበቀልን፣ ከሐይቁ እስከ ማሳው ተመላለስን። የቱን አጠጥተን የቱን እንተወው? ሌላው መስመር ጋ ስንደርስ ቀድመን ያጠጣነው ደርቆ ይጠብቀናል። አበባው ዓይኔ እያየ ረገፈ። ምነው በገረፉኝ! ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። አባባማ ጎረቤት በጠየቀው ቁጥር «ልጄ ልክ ቆጥራለች፤ ብረቱ ነው» ይል ነበር። ካቴናው ሲመጣ የሚጠጣ ተክል አልነበረም። አባባ ወደ ጥንት ሥራው ወደ ሽመና ተመለሰ፤ ሽሮ ሜዳ ሄዶ ሰው ቤት ይሸምን ጀመር። ዓመታት ሙሉ ለመስቀል ብቻ ነበር የምናየው።

ዛሬ ሲቀላ ያሉት ልጆች ያለቀውን ዕቃ በስልክ ፎቶ አንስተው ይልካሉ፤ በማግስቱ ዕቃው ከተፍ ይላል። እሰይ፣ ደስ ይላል። እኛ ግን አንድ ቃል የሚነግረን ሰው አጥተን ዓመታችን ተበላ። አባባ አሁን አርጅቶ እዚያው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር እኔ ጋ ነው የሚኖረው። በቀደም ምሳ ላይ አንስቼበት «ያን ቀን ሱቁ ውስጥ ብረቱን እየዳሰስክ ዝም ያልከው ምን እያሰብክ ነበር?» አልኩት።

«እንደማይገጥም አውቄ ነበር» አለኝ። «ጣቴ ነግሮኛል።»

እጄ ላይ የያዝኩትን ጉርሻ መለስኩት። «ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«አንቺ የተማርሽ ነሽ። እኔ ማን ሆኜ ነው በትምህርት ላይ የምናገር?»

«አባባ! እኔ እኮ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ!»

«ታዲያ» አለኝ እየሳቀ፣ «አምስት ከባዶ አይበልጥም?»

እሱ ሲስቅ እኔ ውኃ ላመጣ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁና አለቀስኩ።