በኮባ ቅጠል የቀረበ አሳ

ችስስስ! በዚያ ዘመን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ መናኸሪያ ከአውቶቡስ የወረደ መንገደኛ፣ ገና የእግሩን ድንዛዜ ሳያራግፍ ከጆሮው የሚደርሰው ድምፅ ይህ ነበረ፤ እርጥብ አሳ ከጋለ ዘይት ጋር ሲገናኝ የሚያሰማው ጩኸት። ሽታው ይከተላል። የጥብሱ፣ በድንጋይ የተፈጨው የቃሪያ ዳጣ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ትኩስ ምግብ ሲያርፍበት ለብ የሚለው የእንሰት ቅጠል ሽታ። መንገደኛው ወዴት ልሂድ ብሎ አይጠይቅም። እግሩ ራሱ ወደ ወለቴ ቤት ይወስደዋል።

ወለቴ ያን ጊዜ፣ በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ አርባ ዓመት ቢሞላት ነው። ቀጠን፣ ረዘም ያለች፣ ሻሿን ወደ ግንባሯ ዝቅ አድርጋ የምታስር፣ ብዙ የማትናገር ሴት ነበረች። ቤቷ ግድግዳው ቀርከሃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መቀመጫው ሦስት አግዳሚ ነው። ከበሩ ላይ የተጻፈ ስም የለም፤ ለምን ይጻፍ? ከጫሞ ሐይቅ በማለዳ የሚመጣላትን አሳ እንደ ማበጠሪያ ትተለትለውና እስኪንኮሻኮሽ ትጠብሰዋለች፤ ዳጣውን ከጎኑ ጠብ አድርጋ በኮባ ቅጠል ታቀርበዋለች። የምግቧ ዓይነት ይኸው አንድ ነው።

ዘይት በቀበሌ ሱቅ በሰልፍ የሚገኝበት፣ ሰው ሁሉ «ጓድ» የሚባባልበት ጊዜ ነበርና አንዳንድ ቀን ምጣዷ ሳይጣድ ይውላል። ያን ጊዜ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌሩ ካሱ ከደጅ ቆሞ ይጮኻል።

«ጓድ ወለቴ! ዛሬ ደግሞ አሳው ስብሰባ ሄደ?»

«ሄዷል፤ አንተን ሊከስህ ነው» ትለዋለች ከጓዳ።

ካሱ በልቶ ሲጨርስ «ደህና ዋዪ» ማለት አያውቅም፤ እጁን በሱሪው ጠርጎ ውልቅ ነው። አንድ ቀን አንዲት መንገደኛ ይህን አይታ ባለጌ ብትለው፣ «እመቤቴ፣ የሚሰናበት እንግዳ ነው። ሰው ከገዛ ቤቱ ሲወጣ ማንን ይሰናበታል?» አላት። ወለቴ ያን ዕለት በጓዳዋ ለብቻዋ ፈገግ አለች። የምትወደው ደንበኛ እንዲህ ያለውን ነበር።

ስለ ቅጠሉ ሰው ሁሉ የየራሱን ይል ነበር። ካሱ «ዕቃ ማጠብ ሰልችቷት ነው» ይላል። ጎረቤቷ ልክነሽ፣ ከአጥሩ ወዲያ ሻይ ቤት ያላት፣ «ለጣዕሙ ነው» ትላለች። ነገሩ ከየት እንደመጣ የምታውቀው ወለቴ ብቻ ነበረች።

ወለቴ የተወለደችው ከአባያ ሐይቅ በላይ፣ ኦቾሎ ከሚባለው ተራራ፣ ከሸክላ ሠሪ ቤት ነው። አባቷ ዳና ጭቃ ይቆፍራል፣ እናቷ ትሠራለች። መንደሩ ሁሉ በእናቷ ድስት ይቀቅላል፣ በእናቷ እንስራ ውሃ ይቀዳል። ከሸክላ ሠሪ ቤት ግን እህል ውሃ አይቀመስም፤ ከሸክላ ሠሪ ጋር በአንድ ዋንጫ አይጠጣም፤ የጥንት ልማድ ነው። ይህን የጣሰ ጎሜ የሚሉት የነውር መቅሠፍት ይይዘዋል፣ ከብቱ ይመክናል፣ ልጁ ይታመማል ይባላል።

ሰባት ዓመት ሲሆናት፣ በመስቀል በዓል፣ ከእናቷ ጋር ኦይታ ከሚባለው ባለጸጋ ደጅ ሄደች። ሌላው ሰው ከግቢ ገብቶ በሸክላ ዋንጫ ሲጠጣ፣ እነርሱ ከአጥሩ ሥር ተቀመጡ፤ መጠጡም በተጠቀለለ የኮባ ቅጠል ተንቆረቆረላቸው። ልጅ ናትና፣ «እማዬ፣ ዋንጫውን የሠራነው እኛ አይደለንም እንዴ?» ብላ ጠየቀች። እናቷ አፏን በመዳፏ ከደነችባት። እጇ ጭቃ ጭቃ ይሸት ነበር።

ዕድሜዋ ከፍ ሲል፣ አርባ ምንጭ ገና ስትቆረቆር፣ ወርዳ ድንጋይ ተሸከመች። ኋላም ለግንበኞች መቀቀል ጀመረች። ሳህን ስላልነበራት በቅጠል አቀረበች። ሳህን መግዣ ባገኘች ጊዜም አልተወችውም። ቅጠል ለሁሉ ከሆነ ማንም ከማንም አያንስም ብላ ይሁን፣ ወይም ከደጋ የሚወርድ ሰው አንድ ቀን ማንነቷን ቢደርስበት «ዕቃዋን እንኳ አልነካሁም» ብሎ እንዲጽናና ይሁን፣ እርሷም በውል አታውቀውም። ከየት ነሽ ሲሏት «ከደጋ» ትላለች። ከቤቷ ውስጥ ከአማርኛ በቀር አትናገርም፤ የኦቾሎ አነጋገሯ እንዳያጋልጣት። ከደንበኞቿ ግማሹ ለገበያ የሚወርድ የደጋ ሰው ነውና፣ ወሬው ቢወጣ አግዳሚዎቿ ባዶ እንደሚቀሩ ታውቃለች።

አንድ የገበያ ቀን ቀትር ላይ፣ ምጣዷ አጠገብ እንዳለች፣ ከበሩ ደፍ ላይ ዱላ ሦስት ጊዜ ሲመታ ሰማች። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። እጇ ከጭልፋው ላይ ደረቀ። ዱላውን ሦስት ጊዜ ሳይመታ ከሰው ቤት የማይገባ አንድ ሰው ብቻ ታውቅ ነበር።

ብቅ ብላ አየች። ኦይታ ነው። ጸጉሩ ጥጥ መስሏል። ለገበሬ ማኅበር ስብሰባ ወርዶ የወንድሙ ልጅ መምህር ማቴዎስ ምሳ ሊጋብዘው ይዞት መጥቷል። ማቴዎስ ተወልዶ ያደገው ከተማ ነው፣ የወለቴም ደንበኛ ነው። ከአንደኛው አግዳሚ ካሱ፣ ከሌላው ከጨንቻ በኩል የወረዱ ሁለት ሸማኔዎች ይበላሉ።

«እትዬ ወለቴ፣ አጎቴ ናቸው። አሳ ቀምሰው አያውቁም!» አለ ማቴዎስ።

ሽማግሌው አየት አደረጋትና ዓይኑን መለሰ። አላወቃትም።

«የውሃ እንስሳ አልበላም» አለ በተሰባበረ አማርኛው። «እናቴ ብትሰማ ከመቃብር ትነሣለች።»

«አባባ፣ ጴጥሮስም አሳ አጥማጅ ነበር እኮ።»

«ቢርበው ነዋ! ኦቾሎ ቢወለድ ገብስ ይበላ ነበር።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሽማግሌውም ሳቀ። ወለቴ አሳውን እንደ ወትሮው በቅጠል አድርጋ ከፊቱ አስቀመጠች፤ ያን ጊዜ የሽማግሌው ሳቅ እንደ ፋኖስ ጠፋ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«አሳ ነዋ፣ አባባ።»

«አሳውን አላልኩም፤ ቅጠሉን ነው። እኔ ኦይታ በቅጠል? የማን ልጅ መሰልኳት?»

ካሱ አፉ እንደሞላ ሣቀ። «አባቴ፣ እዚህ ቤት ሚኒስትር ቢመጣም በቅጠል ነው!» ሁለቱ ሸማኔዎች ግን አልሣቁም። በቅጠል የሚሰጠው ለማን እንደሆነ እነርሱም ያውቃሉ።

«ይቅርታ፣ አባቴ። ሳህን አመጣለሁ» አለችና ወለቴ ወደ ጓዳ ገባች።

በአጥሩ ቀዳዳ ልክነሽን ጠራቻት። ልክነሽ ሳትጠየቅ ነገሩ ገብቷት፣ አበባ ያለበትን የቆርቆሮ ሳህን ይዛ እጇን ዘረጋች። «እንኪ! ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?»

ሳህኑን ብትቀበል ነገሩ ያልቅ ነበር። ሽማግሌው ይበላል፣ መርቆም ይሄዳል፣ ማንም ምንም አያውቅም። ነገር ግን ሰው በልማዱ የማይነካውን ነገር ሸሽጎ ማጉረስ ጎሜው ለሚያበላውም ለሚበላውም እንደሆነ በልጅነቷ ሰምታለች። ስንቱን የደጋ ሰው ዝም ብላ አብልታለች፤ ይህ ሰው ግን «የማን ልጅ መሰልኳት» ብሎ ጠየቀ። ይህ ጥያቄ ከሠላሳ ዓመት በላይ በሆዷ የኖረ ነበር።

«ተዪው፣ ልክነሽ» አለች። «ሳህን አለኝ።»

ከመደርደሪያው ላይ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለውን የእናቷን የሸክላ ወጭት አወረደች። ከከንፈሩ ሥር የእናቷ ምልክት፣ ሦስት የጥፍር ጭረት አለበት። ከሽማግሌው ፊት አኖረችው።

ኦይታ ወጭቱን ወደ ራሱ ሳበ። አውራ ጣቱ ከወጭቱ ከንፈር ሥር ገባ፤ ከጭረቱ ላይም ቆመ። ዕድሜውን ሙሉ በቤቱ ሲዳብሰው የኖረ ነገር ነውና ማየት አላስፈለገውም።

«ይህ የዳና ሚስት እጅ ነው» አለ፤ አሁን በጋሞኛ።

«ነው» አለች እርሷም፣ በገዛ የኦቾሎ አነጋገሯ፤ በዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ። «ልጇ ነኝ። ሳያውቁ እንዲበሉ አልፈለግኩም። ቢተዉትም አልቀየምም።»

የሸማኔዎቹ እጅ ከአየር ላይ ቀረ። አንደኛው ቀስ ብሎ ቅጠሉን ከፊቱ ገፋ አደረገ። ማቴዎስ አንገቱን ደፋ። ቋንቋውን የማይሰማው ካሱ ብቻ፣ «ምን ተባባሉ? ንገሩን እንጂ!» ይላል።

«እናትሽ በሕይወት አለች?» አለ ሽማግሌው።

«ካረፈች ሦስት ዓመቷ።»

«አልሰማሁም።»

«ማን ይነግርዎታል?»

ይህን እንዲህ ቆርጣ መናገሯ ራሷን አስደነገጣት። ሽማግሌው ግን አልተቆጣም።

«እውነትሽን ነው፤ ማን ይነግረኛል። ድስቷ ከቤቴ ጠፍቶ አያውቅም፤ እርሷ ግን ከአጥሬ አልፋ አታውቅም።»

ከዚያም አሳውን ከቅጠሉ ላይ በገዛ እጁ አንሥቶ በወጭቱ ላይ አደረገው። ቆረሰ። ጎረሰ። ሁለቱ ሸማኔዎች ጉሮሮውን ያዩ ነበር።

«አባባ፣ እሾህ አለው፤ ቀስ ብለው» አለ ማቴዎስ።

«ዝም በል። ሽማግሌ እሾህ ያውቃል።»

ቀስ እያለ፣ አጥንቱን በዳር እየደረደረ በላ። ዳጣው ዓይኑን አስነባው፤ ቢያንስ ሁሉም ዳጣው ነው አሉ። ሲጨርስ ቀና ብሎ በአማርኛ፣ ሁሉም እንዲሰማው፣ «ውሃ» አለ።

ወለቴ በሸክላ ኩባያ ቀድታ በሁለት እጇ ዘረጋችለት። አልተቀበላትም።

«ቅመስ እንጂ» አላት፤ ወንዱንና ሴቱን አንዳንዴ የሚያምታታ አማርኛው አሳስቶት። በሌላ ቀን ቢሆን ካሱ ይሥቅበት ነበር። ያን ቀን አልሣቀም።

ወለቴ ኩባያውን ከከንፈሯ አስጠጋች። አንድ ጉንጭ ያህል ጠጣች። እርሱም ተቀብሎ፣ ኩባያውን ሳያዞር፣ ከንፈሯ ባረፈበት በኩል እስከ ታች ጨለጠው። ቅጠሉን ገፍቶት የነበረው ሸማኔ መልሶ ወደ ራሱ ሳበው፤ ያችኑ የቀረችውን ጅራት መቆርጠም ጀመረ።

ኦይታ እጁን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። ዱላውን አነሣ። አልመረቀም፣ እንደ ካሱ ሁሉ ደህና ዋዪም አላለም፣ ዞሮም አላያትም። ወለቴ ባዶውን ኩባያ በደረቷ አቅፋ እንደቆመች፣ ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ በዝቅተኛው በር ውልቅ አለ።