የተዘጋው የውስጥ መስመር

ትልቋ ልጄ አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። አሠሪዋ በከፋት ቁጥር ስልኳን ትቀማታለች። ያኔ ልጄ ካገኘችው ሰው ስልክ ተውሳ ድምፅ ትልክልኛለች። እኔ ፊደል ብለይም ንባብ አይገፋልኝም፤ ስለዚህ የምንገናኘው በድምፅ ነው። የማላውቀው ቁጥር ሲመጣ እሷ ትሆናለች ብዬ ሁሉንም እከፍት ነበር።

አዳማ ገበያ ሽንኩርት እሸጣለሁ። የመቂ ደላሎች ዋጋ የሚለጥፉበት ግሩፕ ውስጥ ከገባሁ ወዲህ ግን ማንም እየተነሳ በውስጥ መስመር ይገባብኝ ጀመር። አንዱ ብርሽን እጥፍ ላድርግልሽ ይላል፤ ሌላው ለእናቱ የማያሳየውን ፎቶ ይልካል። ይህንንስ ችዬው ነበር። አንድ ቀን ጠዋት "ልጅሽ ታስራለች፤ ዛሬውኑ ብር ካላክሽ አታገኚያትም" የሚል መጣ። ፊደሉን አንድ በአንድ ለቅሜ አንብቤ ጨረስኩ። ሽንኩርቱን ለጎረቤቴ ጥዬ በባጃጅ ወደ ወንድሟ፣ ወደ ወንዱ ልጄ ሱቅ በረርኩ።

ወንድሟ ስልክ ይጠግናል፤ ኮምፒውተርም ተምሯል። አየውና ለስንቷ እናት የሚበትኑት የሌባ ጽሑፍ ነው አለኝ። እውነት ቢሆንስ ብዬ ደጋግሜ ሳስነብበው ግን እሱም በሌቦቹ ተናደደ። እዚያው ሱቁ ባለው ኮምፒውተር ኮድ ጻፈልኝ። ስልኬ ላይ ያልተመዘገበ ሰው በውስጥ መስመር ሲመጣ ኮዱ የላከውን ያነበዋል፤ "እማዬ" የሚል ካላገኘበት ሰውየውን ብሎክ አድርጎ መልእክቱን ያጠፋዋል። እህትህንስ በምን ያውቃታል አልኩት። እማዬ ሳትል መቼ ጀምራ ታውቃለች አለኝ። እውነቱን ነው።

ስልኬ ጸጥ አለ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። እየቆየ ግን ልጄም አብራ ጠፋች። ስደውል ስልኳ ዝግ ነው። ወንድሟ አሠሪዋ ቀምታት ነው እያለ ያጽናናኛል። በየት በኩል ልጠይቅ፣ ማንን?

አንድ ቀን ምሳውን ይዤለት ሄድኩ። እሱ ሥራ ላይ ስለነበር እኔ ቁጭ ብዬ፣ ስልኩን አፌ ላይ ደቅኜ ለመቂው ደላላ ስለ ሽንኩርቱ ድምፅ ላኩ። ወንድሟ መፍቻውን እንደያዘ ደርቆ አየኝ።

"እማዬ፣ እሷ በሰው ስልክ ስትልክልሽ ትጽፋለች ወይስ ታወራለች?"

"ማን ሊያነብላት ትጻፍ?"

ፊቱ አመድ መሰለ። ኮዱ የሚያነበው ጽሑፍ ብቻ ነው። ድምፅ ሲመጣ "እማዬ" የሚል ጽሑፍ ስለማያገኝበት ላኪውን ይዘጋል።

የጠፋው ድምፅ አይመለስም፤ የተዘጉትን ሰዎች ግን መክፈት ይቻላል አለኝና ኮዱን ለጊዜው አቁሞ ሁሉንም ከፈታቸው። ልጄ በየትኛው ስልክ እንደላከች ስለማናውቅ ለሁሉም አንድ ድምፅ ላኩ፤ ለሌባውም፣ ለባለጌውም። "ልጄ፣ እናትሽ ነኝ፤ አለሁ" ብቻ ነው ያልኩት። አሠሪዋ ከሰማች ብዬ ስሟን መጥራት ፈራሁ።

መልስ ይጎርፍ ጀመር። አንዱ "ልጅሽ እኔ ነኝ፣ ካርድ ሙይልኝ" ብሎ አሾፈብኝ። ሌላው ሰደበኝ። ወንድሟ ስልኩን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ፤ አልሰጠሁትም። ከዚያ የአንዲት ሴት ድምፅ በሹክሹክታ መጣ። የአቦምሳ ልጅ ነኝ፣ ከልጅዎ ጋር አንድ ሕንፃ ላይ ነው የምንሠራው አለች።

"እናቴ፣ በእኔ ስልክ ነበር የላከችው። ከዚያ በኋላ አልሄድ አለ። እማዬ ዘጋችኝ ብላ እህል አልቀምስ ብላለች። ነገ ጠዋት ቆሻሻ ልትጥል ስትወርድ አሰማታለሁ።"

ወንድሟ ኮዱን ድምፅ እንዲያሳልፍ ላስተካክለው አለ። አጥፋው አልኩት። የመጣው ይምጣ።

በማግስቱ ለደንበኛዬ ሽንኩርት እየመዘንኩ ስልኬ ጮኸ። ድምፅ የላከችው ልጄ ናት።

"እማዬ፣ ምን በድዬሽ ነው?"

ሚዛኑን ለቀቅኩት። ደንበኛዬ ምን ሆንሽ ትለኛለች። ጣቴ አፈር ስለሆነ መቅጃውን ደጋግሜ ሳትኩት። በቀሚሴ ጠርጌ ያዝኩት።

"ምንም አልበደልሽኝም። ሌባ ስዘጋ ነው አንቺን የዘጋሁሽ። ከማንም ስልክ ላኪ፣ እከፍታለሁ።"

ላኩት። ከላኩት በኋላ ነው የላከችበት ስልክ የዚያች የአቦምሳ ልጅ መሆኑ ትዝ ያለኝ። ልጄ ቆሻሻዋን ጥላ ወደ ላይ ወጥታ ይሆናል። እንደገና እስክትወርድ ድረስ ይህን አትሰማም።